«የኔ ልጅስ የታለ?»
ከመጀመሪያ ረቂቅ እስከ ፊልም

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ ተስተካክሎ የታተመ)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ፊልም ጽሑፍ ተናገርልን» ሲለኝ «ስንት ደቂቃ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሃያ» አሉኝ። እኔ ለአንድ ፊልም ሰባት ዓመትና አስራ አንድ ረቂቅ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ሃያ ደቂቃ ለኔ ምን ትበቃኛለች? ቢሆንም ፔዳ ግቢ ውስጥ ሰዓት አለማክበር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። እሞክራለሁ።

ስለ ሙያው በጥቅሉ ከማወራ አንዱን ጽሑፌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብነግራችሁ ይሻላል። መጀመሪያ ግን መንገዱን ላሳያችሁ። ብዙ ሰው ፊልም የሚጀምረው ካሜራ ሲነሳ ይመስለዋል። ካሜራው ሲነሳ ለጸሐፊው ሥራው ሊያልቅ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ሐሳብ አለ። ሐሳቡ በአንድ በሁለት ገጽ ሲኖፕሲስ ይሆናል፤ ሲኖፕሲሱ ተፍታቶ ትሪትመንት ይወጣዋል፤ ከዚያ የትዕይንት ዝርዝር ይሠራል። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሙያው ልማድ አንድ ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይወስዳል ተብሎ ይታሰባል። የኔ የመጀመሪያ ረቂቅ 143 ገጽ ነበር። አስቡት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ! ያለቀው ፊልም 96 ደቂቃ ነው። መሀል ላይ የጠፋው አርባ ምናምን ገጽ የት ሄደ ካላችሁኝ፣ የዛሬው ንግግሬ እሱ ነው።

ያደግኩት ዱርቤቴ ነው። ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር በመራዊ አድርጋችሁ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ የምታገኟት የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። አባቴ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ፣ በቀድሞው ሥርዓት ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተባሉ፤ ከ4 ጥማድ ማለትም ከ1 ሔክታር በላይ እንዳይዙም ተወሰነ። ጎጃም ውስጥ ያደጋችሁ ይህንን ቃል ታስታውሱታላችሁ። ከኛ ማሳ የተቆረጠው ለጎረቤታችን፣ ባላቸው ለሞተባቸው ሴት ደረሰ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ኮሚቴው ሲለካ ቆሜ አይቻለሁ። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረም።

በ1993 ፔዳ ስገባ ያን ቀን ይዤው ነው የገባሁት። እዚህ አማርኛና ሥነ ጽሑፍ ተማርኩ። የፎክሎር መምህራችን «ሄዳችሁ ሰው ስሙ፤ ስትሰሙ ደግሞ አፋችሁን ዝጉ» እያሉ ወደየአገራችን ይልኩን ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ፈጽሜያለሁ። ሁለተኛውን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

በ2001 የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨረስኩ። አባትየው ንጹሕ ነው፣ ተበዳይ ነው፣ ብቻውን ይቆማል፣ ይናገራል። ኧረ ምን ይናገራል፣ ያወራል! አንድ ቦታ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ መሬት ይሰብካል። ጎረቤትየዋ ስሟ ተቀይሮ ስግብግብ ሆናለች። አዲስ አበባ ላነበቡት ጓደኞቼ በጣም ጥሩ ነበር። አንዱ አልቅሷል። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ረቂቁን ይዤው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። እናቴ «ልጃችን የጻፈውን ያንብብልን እንጂ» አለች። አነበብኩ። ስሙን ቀይሬዋለሁና ማንም አያውቅም ብዬ ነው። ሞኝነት ነው! ገጠር ውስጥ የማሳ ድንበር ከተነገረ ስም ምን ያደርጋል? ሴትዮዋ እዚያው አጠገቤ ነበሩ። አንድም ቦታ አላቋረጡኝም። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ስኒያቸውን አስቀመጡና፦

«ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል፣ ልጄ። የመሬቱን ነገር ጽፈሃል። የኔ ልጅስ የታለ?» አሉ።

ልጅ እንደነበራቸው እንኳ በቅጡ አላስታውስም ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ረከቦቱን ማንሳት ጀመረች። አባቴ ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ከብቶቹ ዘንድ አገኘሁት። «አባ፣ የእማማ ልጅ ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ። ብሔራዊ ውትድርና የተባለ ጊዜ ነው። ከላይ ኮታ መጣ፤ «አራት ሰው አምጣ» አሉት። «አራት ስም ጻፍሁ። የሷን ልጅ ለምን ጻፍህ ብትለኝ፣ አባት ስላልነበረው ነው። የሚከራከርለት አልነበረም።» ልጁ አልተመለሰም።

ቀጥሎ «ይኸንን ልትጽፈው ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ። «ከጻፍኸው እኔን ብቻ አትጻፍ። ያዘዘኝንም ጻፍ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ለብዙ ጊዜ አላወራንም።

ለስምንት ወር አንድ መስመር አልጻፍኩም። ረቂቄ ውሸት አልነበረም፤ ሽግሽጉ ተደርጓል፣ መሬቱ ተቆርጧል፣ አባቴ ተጎድቷል። ነገር ግን ግማሽ ነበር። ግማሽ እውነት ደግሞ ስክሪን ላይ ሲወጣ ከውሸት ይብሳል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ሌላውን ግማሽ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

እንደገና እንድጽፍ ያደረጉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከዚሁ ከአገራችን ነው። በዋሸራም በሌሎቹም የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ቀን ዱር ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ኋላ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ «ሂድ» ይላሉ። ነገ ሌላ ቅኔ ነው። የትናንቱን ይዞ የሚያለቅስ ተማሪ የለም። እኔ ግን 143 ገጼን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ረቂቅ የሚነገረው ሊታረም እንደሆነ እዚሁ ደጃችን ላይ እያለ፣ ከውጭ አገር የስክሪፕት መማሪያ ስፈልግ ነበር። ሰምና ወርቁም እዚያው ነው። ጥሩ የፊልም ንግግር ላዩ ስለ በሬ፣ ውስጡ ስለ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ኃይሌ ገሪማ ነው። የጎንደሩ ሰው ገና አሜሪካ ተማሪ ሳለ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ገበሬዎችን እያሠራ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። ንጉሡ ወርደው ደርግ በሚተካበት በዚያ ግርግር ማለት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። «ጤዛ» ግን 14 ዓመት ፈጀበት። የኢትዮጵያው ክፍል ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ለጀርመኑ ክፍል ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት ተጠብቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ያው አንድ ሰው፣ አንዱን በሁለት ሳምንት ቀረጸ፣ ሌላውን 14 ዓመት ተሸከመ። ጤዛን ያያችሁ፣ ወጣቶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁበትን ታስታውሳላችሁ። እኔ ያንን ሳይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ዋሻ አላገኘም።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። ከሁሉ በፊት ግን ሴትዮዋን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ሕጉ ያስገድደኛል አያስገድደኝም የሚለው ሌላ ነገር ነው። የእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ ስትጽፉ ጉዳዩ የት ሊደርስ እንደሚችል ኋላ በ«ድፍረት» አይተነዋል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾች ሽልማት አግኝቶ፣ በ2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ኋላ ለሕዝብ ታይቷል። ማን ትክክል ነበር ብዬ ለመፍረድ አይደለም የማነሳው። የሰው ታሪክ ይዘን ስንሄድ ባለታሪኩ ከኋላችን እየተከተለን መሆኑን እንዳንረሳ ነው።

ሄድኩና «እማማ፣ የልጅዎን ነገር ልጽፈው ነው፤ ይፍቀዱልኝ፤ ስሙን እቀይረዋለሁ» አልኳቸው። ተቆጡ። «ስሙን ለምን ትቀይረዋለህ? ሌላው ሁሉ ቀርቶብኛል። ስሙን ተውልኝ» አሉ። ፊልሙ ላይ የሁሉም ስም ተቀይሯል፤ የሳቸው ልጅ ስም ግን አለ። እዚህ አልጠራውም፤ የፈቀዱልኝ ለፊልሙ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ድጋሚ መጻፍ ነው። ካሜራ «አዘነ» የሚለውን ቃል አይቀርጽም። አባትየው መሬት ስለመነጠቁ የሚሰብክበትን ሦስት ገጽ ቀድጄ በአንድ ምስል ተካሁት። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፤ አዲሱ ድንበር ጋ ሲደርስ በሬዎቹ አይቆሙም። እነሱ የለመዱት የድሮውን ትልም ነው። ድንበሩን አልፈው ሊሄዱ ሲሉ እየጎተተ ይመልሳቸዋል። አንድም ቃል የለም። ሰባተኛው ረቂቅ ሲያልቅ ለአባቴ አነበብኩለት። የዚያን ስም ዝርዝር ትዕይንትም ጭምር። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። «መሬቱን የለኩት በገመድ ነው፣ አንተ ሜትር ብለሃል። አስተካክለው» አለ። ሌላ እርማት አልነበረውም።

ፕሮዲዩሰር ፍለጋው ሌላ ታሪክ ነው፤ አጠር ላድርገው። በዚያ ጊዜ ገበያው የፍቅር ኮሜዲ ነበር። አንዱ «ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ቆንጆ ልጅ ይተዋወቅ» አለኝ። አንዱ «ገጠር ማን ያያል?» አለ። ሌላው ደግሞ ሐሳቡን ሰምቶ ስልኩን ማንሳት ተወ። እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ የሚያገኘው የተጻፈው ሥራ እንጂ በአፍ የተወራው ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ ሳትጽፉ አታውሩ፤ ጽፋችሁ ቅጂ አስቀምጡ፤ ሳትፈራረሙ አትስጡ። በመጨረሻ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ነግሮኛል። «የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ላንተ ናቸው፤ ለተመልካች አይደሉም» አለኝ። ለሦስት ቀን ተናድጄ በአራተኛው ቀን ቆረጥኳቸው። አንድ የሰርግ ትዕይንትም አስገድዶ አስገብቶብኛል። አሁንም አልወደውም፤ ተመልካች ግን እዚያ ላይ ይስቃል።

ቀረጻው ዱርቤቴ ላይ አልሆነም። የኛ ሰፈር ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ በየአቅጣጫው የመብራት ምሰሶ ይታያል፤ የኛ ታሪክ ደግሞ 1989 ነው። ስለዚህ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወረድን። አንድ ጸሐፊ ቀረጻ ቦታ ላይ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ይለምናል። ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ትዕይንት ይቀንሳል፤ ተዋናይ ሲቀር ሁለት ሰው አንድ ያደርጋል።

ትልቁ ጸቤ ከቋንቋው ጋር ነበር። ጽሑፉ ላይ ገበሬው «ሄድሁ»፣ «ጻፍሁ» ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣው ተዋናይ «ሄድኩ»፣ «ጻፍኩ» ይላል። ዳይሬክተሩ «ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። አባቴ «ስም ጻፍሁ» ሲለኝ የሰማሁትን ድምፅ እንዴት ላስረዳው? አመሻሽ ላይ ተዋናዩን ይዤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጋ ወሰድኩት። ምንም አላስተማሩትም፤ ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ ብቻ አመሸ። በማግስቱ «ጻፍሁ» አለ። መልኩም የተቀየረ መሰለኝ።

የበሬዎቹስ ነገር? በሬ ተዋናይ አይደለም። የተከራየናቸው በሬዎች ድንበር ጋ ሲደርሱ በትሕትና ይቆማሉ! አንድ ቀን ሙሉ አቃጠልን። የበሬዎቹ ባለቤት፣ የቡሬ ገበሬ ነው፣ ሲስቅብን ውሎ «ለምን አትጠይቁኝም? ሦስት ቀን ስጡኝ» አለ። ሦስት ቀን ድንበሩን አሳልፎ አረሰባቸው፤ አለማመዳቸው። በአራተኛው ቀን ካሜራው ተነሳ፣ በሬዎቹ ድንበሩን አልፈው ሄዱ፣ ተዋናዩ ከልቡ ታግሎ መለሳቸው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያነሳልኝ ያንን ትዕይንት ነው። የትዕይንቱ ግማሽ ደራሲ እሱ ገበሬ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ምስጋናው ተጽፎለታል።

ከቀረጻ በኋላ ኤዲቲንግ አለ። እዚያ ጸሐፊ ባይገባ ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ገባሁ። ከአስራ አንዱ ረቂቅ ሁሉ የተረፈ አንድ የምወደው ንግግር ነበር፤ አባትየው በስብሰባ ላይ የሚናገረው። ኤዲተሯ ሁለቴ አሳየችኝ፣ አንዴ ከነንግግሩ፣ አንዴ አፉን ሊከፍት ሲል ቆርጣ። «ፊቱ ተናግሮ ጨርሷል» አለች። ልክ ነበረች። ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ስመለስ ትዕይንቱ አልነበረም።

ፊልሙ በ2008 ተመረቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አላየውም። ጥቂት ሳምንት ታይቶ ወረደ። አባቴ ከመመረቁ አንድ ዓመት በፊት ዐርፏል፤ አላየውም። ነገር ግን ሰባተኛውን ረቂቅ ሰምቷል። ለኔ እሱ አንድ ምረቃ ነበር።

ዱርቤቴ ላይ በላፕቶፕ ነው ያሳየሁት፣ ያው ቡና በተፈላበት ቤት። ሴትዮዋ ከፊት ተቀመጡ፤ አርጅተዋል። ፊልሙ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ በሕዝብ ፊት ስም ዝርዝሩን የሚያነብበት ቦታ አለ። አራት ስም ነው። ሦስተኛው የሳቸው ልጅ ነው። ስሙ ሲጠራ እሳቸው ቀስ ብለው «አቤት» አሉ።

ያ «አቤት» ስክሪፕቱ ላይ የለም። ማንም አልጻፈውም። ፊልሙን እስከ መጨረሻ አዩ፣ ተነሱ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይቅር ብለውን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። የመጠየቅ መብት ያለኝም አይመስለኝም።

እንግዲህ ሰዓቴን እየጨረስኩ ነው። በመካከላችን መምህራን አላችሁ፣ ልጆቻችሁን እዚህ የላካችሁ አላችሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ስክሪፕት መቼ አለቀ ይባላል?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፤ የተጻፈበት ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ስታነቡት ድምፃችሁ ካልሰለለ ለማለቅ ቀርቧል። ያኔ አዲስ አበባ ጓደኞቼ ሲያለቅሱ ብተወው ኖሮ፣ አንድ ተበዳይ አባትና አንዲት ስግብግብ ጎረቤት ያሉበት ፊልም ይወጣ ነበር። ምናልባትም የበለጠ ተመልካች ያገኝ ነበር። እኔ ግን አገር ቤት ለቡና መቀመጥ አልችልም ነበር።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። በዓመት አንድ ምሽት እዚሁ ፔዳ ግቢ ውስጥ የተማሪዎች ረቂቅ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት መድረክ ይዘጋጅ። አድማጮቹ ግን እኛ ብቻ አንሁን። ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ፣ ከአዴት ገበሬዎች፣ እናቶች ይምጡ። ትራንስፖርቱን እኛ ተመራቂዎች እንችላለን። ቡናውን ማን ያፈላል ለሚለው፣ የኛ ባች ሴቶች ከሃያ ዓመት በፊት «ለምን ሁልጊዜ እኛ?» ብለው ጠይቀውን ነበርና፣ ዘንድሮ ወንዶቹ እናፈላለን። እኔ አንደኛ ተመዝግቤያለሁ።

 ያስተማሩንን መምህራን፣ በሕይወት ያሉትን ዕድሜ ይስጥልን፤ ያለፉትን ነፍስ ይማር። ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።